የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፦ በስልክ የሚማሩትና በእጅ የሚለማመዱት

የልማት ሠራተኛው ስለ ኬሚካል አረጫጨት፣ ስለ መውቂያ መሣሪያ አያያዝና ስለ እህል ማከማቸት ገበሬውን ሲያስተምር ኖሯል። በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ ሰው ቢጎዳ፣ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ ባሉት ደቂቃዎች ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ጉዳይ ነው ተብሎ ታልፏል። እኛ የሰብል ባለሙያዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይሁን እንጂ ማላታዮን ወይም ፕሮፌኖፎስ በዚህ መጠን ተበጥብጦ ይረጭ የምንለው እኛው ነን፤ የነቀዝ ማጥፊያ ክኒን በመጋዘን እንዲቀመጥ የምንመክረውም እኛው ነን። መርዙ በሰው ቆዳ ላይ ሲፈስ የሚያቆም ምክር ግማሽ ምክር ነው።

ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያ እርዳታን ሙሉ በሙሉ አያስተምርም። የሚመለከተው የኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላቱና ለሠራተኞቹ የሚያዘጋጀውን ሥልጠና እንዴት ቢያደራጅ እንደሚሻል ነው። ይኸውም ከትምህርቱ የትኛው ክፍል በስልክና በኢንተርኔት ሊሰጥ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ሰው በአካል ካልተገኘና እጁን ካላነሣ በቀር ሊለመድ እንደማይችል ለመለየት ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ማኅበር ወይ ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይም የምስክር ወረቀት ይዞ እጁ የማይታዘዝለት ረዳት ያፈራል።

ሥልጠናው በሁለት የሚከፈልበት ምክንያት

በእንግሊዝ አገር ለሥራ ቦታ ረዳቶች የሚሰጠው ሙሉ ሥልጠና 18 ሰዓት፣ አጭሩ ደግሞ 6 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሦስት ቀን ይፈጃል። በእኛ አገር አንድ የማኅበር አባል በአረም ወይም በመኸር ወቅት ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራው ተለይቶ ወደ ወረዳ ከተማ ይምጣ ማለት አይምጣ ማለት ነው። የመጣ እንደሆነም ከሦስቱ ቀን ብዙው በገለጻ ያልፋል። ገለጻ ደግሞ በስልክ ሊሰማ፣ በማታ እቤት ሊታይና ሊደጋገም ይችላል።

የልብና የትንፋሽ እርዳታ አሰጣጥን በሚመለከት ለዓለም ምክር የሚሰጠው ኢልኮር የተባለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ ጉዳይ ላይ ሐሳቡን ሰጥቷል። አቅምና አቅርቦት በሚፈቅድበት ስፍራ ሁሉ፣ ቀድሞ በራስ የሚጠናውን ትምህርትና በአካል የሚደረገውን ልምምድ ያጣመረው ዘዴ እንዲመረጥ ነው የመከረው። ልብ ሊባል የሚገባው ምክሩ ስለ ማጣመር መሆኑ ነው። ስልኩ የክፍሉን ገለጻ ይተካል፤ ልምምዱን ግን አይተካም። ጥያቄ በስልክ መልሶ፣ ከሰው ጋር ሳይለማመድ የረዳትነት ወረቀት የተሰጠውን ሰው ማኅበሩ እንደሠለጠነ ሊቆጥረው አይገባም።

የልማት ሠራተኛው ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው 8028 በተባለው ነጻ የስልክ መስመር ገበሬው የሰብል ምክር በድምፅ መስማት ለምዷል። ቪዲዮ በትንሽ ፕሮጀክተር ለቡድን አሳይቶ ከዚያ በማሳ ላይ በተግባር ማሳየትም በብዙ ወረዳዎች የተሠራበት ዘዴ ነው። የመጀመሪያ እርዳታም ከዚህ የተለየ መንገድ አያስፈልገውም።

በስልክ የሚሰጠው ክፍል

በስልክ በደንብ የሚተላለፈው የማወቅና የመለየት ትምህርት ነው። ለምሳሌ በኦርጋኖፎስፌት መርዝ የተጎዳ ሰው የዓይኑ ብሌን ጠብቦ እንደ ነጥብ ይሆናል፤ ላብና ለሃጭ ይበዛበታል፤ ዓይኑ ያነባል፤ ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ጡንቻው ይርገበገባል፤ ብሎም ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህን በቃል ከመዘርዘር የጠበበውንና ደህናውን ብሌን ጎን ለጎን በሥዕል ማሳየት ይሻላል። ምልክቱን ያላወቀ ሰው በሽተኛውን ፀሐይ መታው ወይም ወባ ተነሣበት ብሎ ጥላ ሥር አስተኝቶት ይቀመጣልና፣ ይህ መለየት ራሱ ሕይወት ያድናል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ መርዙ በጊዜ የታወቀለት ሰው አትሮፒን የተባለው ማርከሻ ሊሰጠው ይችላል።

የኬሚካል ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብም እንዲሁ ነው። በመርዛማነቱ መጠን መለያ ቀለሙ ይለያያል፤ ቀዩ እጅግ መርዛማው ነው። የኬሚካሉን ስም፣ የውስጡን መርዝ ስምና የጥንቃቄ ሥዕሎቹን ገበሬው በስልኩ ላይ አስፍቶ ደጋግሞ ሊያያቸው ይችላል። ችግሩ ያለው ኬሚካሉ ከዋናው ዕቃ ወጥቶ በሃይላንድ ጠርሙስ ሲቸረቸር ነው። ጽሑፍ የሌለው መርዝ ለረዳቱም ለሐኪሙም ጨለማ ነው፤ በማኅበር ሱቅ ይህ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም።

ከዚህ ሌላ በስልክ ሊሰጥ የሚችለው የአድርግና የአታድርግ ትምህርት ነው። ወተት መርዝ አያረክስም። መርዝ የዋጠን ሰው ጣት ከቶ ማስመለስ አይገባም፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥም ምንም አይጨመርም። በደማ ቁስል ላይ የተፈጨ ቡና፣ አፈር ወይም እበት መነስነስ ቁስሉን ያመረቅዘዋል፤ የመንጋጋ ቆልፍ በሽታም ሊያስከትል ይችላል። የተቃጠለ አካል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ይቀዘቅዛል እንጂ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም። እነዚህን መስማትና ማመን በቂ ነው፤ ልምምድ አይጠይቁም።

ትምህርቱን ለማድረስ ኔትወርክ የግድ በየማሳው መኖር የለበትም። የልማት ሠራተኛው በወረዳ ከተማ ሳለ ቪዲዮውንና የድምፅ ትምህርቱን አውርዶ በሚሞሪ ካርድ ይዞ ሊሄድ፣ ከዚያም በብሉቱዝ ወደ አባላቱ ስልክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ዘመናዊ ስልክ ላለው አንድ አባል አራት አምስት ሰው መድቦ በቡድን ማሳየት ከማንም ለብቻ ማየት ይሻላል፤ ይከራከሩበታልና። አንዱ ቪዲዮ ከአምስት ደቂቃ ባይበልጥ፣ አንድ ጉዳይም ብቻ ቢይዝ ይመረጣል። ተራ ስልክ ብቻ ላላቸው ድምፁ ይበቃል።

አመራረጡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ከሚገኘው ትምህርት ብዙው የተዘጋጀው ለከተማ መሥሪያ ቤት ነው። ስለ ልብ ድካምና የልብ ምት መመለሻ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ረዥም ሰዓት ይወስዳል፤ ስለ እባብ፣ ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካልና ስለ እህል ጉድጓድ ግን አንድም ቃል የለውም። በቀበሌ ደረጃ በሌለ መሣሪያ ላይ የገበሬን ማታ ማጥፋት አይገባም። የልማት ሠራተኛው ቪዲዮውን ከማሰራጨቱ በፊት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንድታየው ያድርግ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ በዚህ ሥራ የቆየ ነውና ቅርንጫፉን ማማከርም ይበጃል።

በእጅ የሚለመደው ክፍል

ለዚህ ክፍል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ግማሽ ቀን መመደብ ያስፈልጋል። ሠልጣኞቹ ከ15 ባይበልጡ ይመረጣል፤ ከበለጡ ከኋላ ያለው ሰው ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ቦታው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም የማኅበሩ መጋዘን ግቢ ሊሆን ይችላል። ወንበር አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው በኬሚካል የራሰን ሰው የማጠብ ልምምድ ነው። ብዙ አሠልጣኞች አጥቡት ብለው በቃል ያልፉታል። እኛ የምንመክረው እንደሚከተለው ነው። ቀይ ሥር ተቀቅሎ ውኃው ይወጣና በጀርባ መርጫ ውስጥ ይጨመራል። አሮጌ ልብስ የለበሰ አንድ ሠልጣኝ መርጫውን አዝሎ ክዳኑ ላልቶ እንደፈሰሰበት ሆኖ ቀዩ ውኃ በጀርባውና በአንገቱ ላይ ይፈስሳል። ሁለት ረዳቶች ይጠሩና እርዱት ይባላሉ። ሌላው ሰው ዝም ብሎ ይመለከታል። ሲጨርሱ የረዳቶቹ እጅ፣ ክንድና ልብስ ይታያል። በዚያ ላይ የሚገኘው ቀይ ቀለም ሁሉ በእውነተኛው አደጋ መርዝ ነበር ማለት ነው። ጓንት ያላደረገው፣ የራሰውን ሸሚዝ በራስ በኩል ጎትቶ ፊት ላይ ያሻሸው፣ በሽተኛውን አቅፎ ያነሣው ወዲያው ይታወቃል። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ ላይ ያየ ሰው በስልክ አሥር ጊዜ ከሰማው ይበልጥ ይይዘዋል።

ከዚያ ልምምዱ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይደገማል። ረዳቱ በመጀመሪያ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ይቆማል። የላስቲክ ጓንት ያደርጋል፤ ጓንት ከሌለ ሁለት ሁለት ፌስታል በእጆቹ ላይ ያስራል። በሽተኛውን ከማሳው ያወጣል። የራሰውን ልብስ በምላጭ ወይም በመቀስ ቀዶ ያወልቃል እንጂ በራስ በኩል አይጎትትም። ጫማም ይወልቃል፤ በጫማ ውስጥ የተጠራቀመ ኬሚካል ይረሳልና። በብዙ ውኃና በሳሙና ፀጉር፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጥፍር ሥር ሁሉ ይታጠባል፤ ከዚያ በንጹሕ ጋቢ ይሸፈናል። ዓይን ውስጥ የገባ እንደሆነ ሽፋሽፍቱ ተከፍቶ 15 ደቂቃና ከዚያ በላይ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። የኬሚካሉ ዕቃ ከነጽሑፉ በፌስታል ታስሮ አብሮ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሴቶች በሴቶች፣ ወንዶች በወንዶች እንዲለማመዱ ማድረግ ተገቢ ነው። ይህ ካልታሰበበት ሴቷ ልብሴ አይወልቅም ብላ መርዙን በላይዋ ላይ ይዛ ትቀራለች።

በዚሁ ልምምድ ላይ የውኃው መጠን ይለካ። ውኃ በጆግ በዝግታ ቢፈስ እንኳ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከአራት አምስት ደቂቃ አያልፍም። በመርጫ ቦታ አንድ ጀሪካን ውኃ አስቀምጡ የሚለው የተለመደ ምክር ለመበጥበጫ እንጂ ለአደጋ አይሆንም። አራት ወይም አምስት ጀሪካን ንጹሕ ውኃና አንድ ሳሙና ከኬሚካሉ ጋር አብሮ ማሳ ካልደረሰ እርጫው መጀመር የለበትም።

ሁለተኛው ልምምድ ደም ማቆም ነው። ማጭድ፣ የመውቂያ ቺንጋ፣ የትራክተር ኃይል አስተላላፊ ዘንግ የሚያደርሱት ጉዳት በመኸር ወቅት ይበዛል። በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን በቀጥታ አጥብቆ መጫን፣ አሁንም አሁንም ገልጦ ሳያዩ አሥር ደቂቃ መቆየት ቀላል ይመስላል። በእርግጥ ግን አሥር ደቂቃ እስኪሞላ የሰው እጅ ይደክማል፤ ሰዓት ተይዞ መሞከር አለበት። የተጫነው አልበቃ ብሎ ከእጅ ወይም ከእግር ደም እንደ ምንጭ የሚፈስ ከሆነ ብቻ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጨርቅ ከቁስሉ በላይ ይታሰራል፤ በዱላ ተጠምዝዞ ደሙ እስኪቆም ይጠብቃል፤ የታሰረበት ሰዓት ይጻፋል፤ ከዚያ ሐኪም እስኪያየው አይፈታም። መገጣጠሚያ ላይ አይታሰርም፤ ገመድና ሽቦም አይሆኑም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። በስልክ ብቻ የተማሩ ሰዎች ይህን ማሰሪያ ወደ እባብ ንክሻ ሊያሻግሩት ይችላሉ፤ በባህላችን እግርን ማሰር ቀድሞውኑ የታወቀ ነውና። እባብ የነደፈው እግር አጥብቆ አይታሰርም፣ አይበጣም፣ አይመጠጥም። እፉኝት የነደፈው እግር ያብጣል፤ ማሰሪያው እብጠቱን ይዞ ሥጋውን ይገድለዋል። የተነደፈው ሰው እንዳይራመድ ተደርጎ፣ እግሩ በዱላ ተደግፎ፣ ቀለበትና አንባር ወልቆ በቃሬዛ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። አሠልጣኙ ሁለቱን አደጋዎች ተራ በተራ እየጠራ ሠልጣኙ ወዲያው እንዲመርጥ ቢያደርግ ማምታታቱ ይጠፋል። ስልክ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ የሠልጣኙን እጅ አያይምና።

የደረት መጫን ልምምድ መኖር አለበት፤ ቀኑን ሁሉ ግን ሊበላው አይገባም። ራሱን ስቶ የማይተነፍስ ሰው ደረቱ መካከል ላይ ከአምስት እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል። የሠለጠነ ረዳት ከ30 ጭነት በኋላ ሁለት ትንፋሽ ይሰጣል። 30ው ጭነት ከ15 እስከ 18 ሴኮንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። ሁለት ደቂቃ የጫነ ሰው ይደክማልና ይለወጣል። ጥልቀቱን የሚያሳየው የልምምድ አሻንጉሊት ነው፤ ማኅበሩ ይህን ከቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ወይም ከጤና ጽሕፈት ቤት ሊዋስ ይችላል። በጭድ የተሞላ ጆንያ ለቆጠራና ለፍጥነት ይረዳል፤ ለጥልቀት ግን አይታመንም። ጤነኛ ሰው ላይ ደረት መጫን ክልክል ነው። ኬሚካል የዋጠ ወይም የነቀዝ ክኒን የበላ ሰው ከሆነ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠት ለረዳቱም አደጋ ስለሆነ ደረቱ ብቻ ይጫናል።

ራሱን ስቶ የሚተነፍስን ሰው በጎኑ ማስተኛት ለሁሉም ሠልጣኝ ሁለት ሁለት ጊዜ ይሞከር። ቃሬዛ መሥራትና መሸከም ገበሬው ከእኛ ይበልጥ ያውቃልና እርሱ ያስተምረን።

ሁለተኛው ሰው የሚሞትበት አደጋ

በሐረርጌና በሌሎችም ስፍራዎች ማሽላ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ይከማቻል። እህሉና በውስጡ ያሉት ተባዮችና ሻጋታ ሲተነፍሱ በጉድጓዱ ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ያልቃል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ጉድጓዱን ከፍቶ ወዲያው የገባ ሰው ጥቂት ትንፋሽ ወስዶ ሊወድቅ ይችላል። ከላይ ያለው ወንድሙ ወይም ልጁ ሊያወጣው ይገባል፤ እርሱም ይወድቃል። በክኒን የታጠነ ዝግ መጋዘንም ከዚህ አይሻልም። በገበያ ፎስቶክሲን በሚል ስም የሚታወቀው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒን ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለም።

ይህን ነገር ከልብ የምናነሣው ከማንኛውም ሌላ አደጋ ይልቅ ጀግንነት የሚገድልበት ስለሆነ ነው። ልጁ ሲወድቅ እያየ አልገባም የሚል አባት በቪዲዮ አይሠራም። በልምምድ ግን ሌላ ነገር ማስለመድ ይቻላል፤ ይኸውም ማንም ወደ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ገመድ ከብብቱ ሥር እንዲታሰርና ጫፉን ከላይ ሁለት ሰዎች እንዲይዙ ነው። በልምምዱ ቀን አሸዋ የተሞላ ጆንያ በገመድ ታስሮ ወደ ጉድጓድ ይወርድና ሁለት ሰዎች ጎትተው ያውጡት። ምን ያህል እንደሚከብድ ሲያዩ ሁለት ሰው አይበቃም፣ ሦስት ይሁን ብለው ራሳቸው ይወስናሉ። ገመድ ያልታሰረበት ሰው ከወደቀ ግን ከላይ ያለው ሰው ሕዝብ ይጠራል፣ ጉድጓዱን በሰፊው ይከፍታል፣ በተቻለው ሁሉ አየር ያስገባል እንጂ ተከትሎ አይገባም። ኩራዝ አውርዶ አልጠፋም ብሎ መግባትም ዋስትና አይሆንም። ጉድጓዱ አስቀድሞ ተከፍቶ ብዙ ሰዓት ይቆይ።

ማን ይሠልጥን፣ መቼስ ይደገም

ማኅበራት ለሥልጠና ሰው ላኩ ሲባሉ ሊቀመንበሩንና ጸሐፊውን መላክ ያዘወትራሉ። እነርሱ አደጋው ሲደርስ ስብሰባ ላይ ናቸው። መሠልጠን ያለባቸው መርጫ የሚያዝለው፣ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ የመውቂያ ማሽን የሚያንቀሳቅሰው፣ የትራክተር ነጂውና የዘበኛው ተረኛ ናቸው። በአንድ ማሳ ወይም በአንድ መጋዘን ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ የተጎዳ እንደሆነ ሌላው ይኖራልና። በመተማና በሁመራ የሰሊጥ አጨዳ ላይ እንደሚደረገው የቀን ሠራተኛ በብዛት የሚቀጥር ማኅበር ከየጓዱ አንድ ሰው በስልክ ትምህርቱ ያሳልፍ። በዚያ ሙቀት ሰው ሰውነቱ ግሎ መቀባጠር ሲጀምር ወደ ጥላ አስገብቶ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ ለሐኪም የሚተው ሥራ አይደለም። ሠራተኛን የቀጠረ ማኅበር የሥራውን አደጋ የማስረዳትና የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተጥሎበታልና፣ የሥልጠናው ወጪ ከማኅበሩ እንጂ ከሠራተኛው ኪስ ሊወጣ አይገባም።

የእጅ ሥልጠና ይረሳል። የደረት መጫን ችሎታ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ መዳከም እንደሚጀምር በየአገሩ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። በእንግሊዝ የምስክር ወረቀቱ ለሦስት ዓመት ቢያገለግልም በየዓመቱ ክለሳ እንዲደረግ አጥብቀው ይመክራሉ። ለእኛ የሚስማማው በእርሻው ካሌንደር መሄድ ነው። ሰኔ ላይ፣ የክረምቱ እርጫ ከመጀመሩ በፊት፣ የማጠብ ልምምድ ለግማሽ ቀን ይደገም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ሳይደርስ ደም የማቆምና የጉድጓድ ልምምድ ይደረግ። በሁለቱ መካከል በስልክ የተላለፈው ቪዲዮ በወር አንድ ጊዜ በስብሰባ መጀመሪያ ላይ ለአምስት ደቂቃ ይታይ።

የመጋዘኑ የእርዳታ ሳጥን ውድ መሆን የለበትም። ፋሻና ጎዝ፣ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ፣ የላስቲክ ጓንት ሦስት ጥንድ፣ መቀስ፣ ሳሙና፣ ሰፊ የማሰሪያ ጨርቅና ዱላው፣ ጋቢ፣ እርሳስና ወረቀት ይበቃሉ። ሳጥኑ አይቆለፍ፤ የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ በዘበኛው እጅ ይሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ቢሆንም በገጠር ቀድሞ የሚደርሰው የወረዳው አምቡላንስ ነው። ስለዚህ የወረዳው አምቡላንስ ሾፌር፣ የጤና ጣቢያው ተረኛና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልክ ቁጥር በመጋዘኑ በር ላይ በዘይት ቀለም ይጻፍ። ሾፌሩ በተለወጠ ቁጥር ቁጥሩን የሚያድሰው ሰው በስም ተለይቶ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ይመዝገብ።